ከመዝገቡ የቀረ ስም

መኸሩ ተሰብስቦ አውድማው ሲጠረግ በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በለጋምቦና በሳይንት ቀበሌዎች አንድ ጥያቄ ከቤት ቤት ይዞራል። የዘንድሮውን የጤና መድን መዋጮ ማን ይከፍላል? ለማንስ ይከፈልለታል? የመጀመሪያው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የኅሊና። መንግሥት መዋጮአቸውን የሚሸፍንላቸው ድሆች ቁጥር በበጀት የተወሰነ ስለሆነ አንዱ ሲገባ ሌላው ይቀራል። የሚቀረው ሰው ስም አለው፤ ደጅ አለው፤ ምናልባትም እሁድ እሁድ ከእናንተ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣል።

በወጣቶች ኅብረታችሁ ስለ ምሕረትና ስለ ልግስና ብዙ ተምራችኋል፤ ዘምራችሁማል። ዛሬ ትምህርቱን ይዘን ወደ ቀበሌው አዳራሽ እንውረድ። ድሃው ማን እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው? በምን መለኪያ? መሳሳታችን ካልቀረ ወደ የትኛው ወገን ብንሳሳት ይሻላል?

አስቀድመን አሠራሩን እንወቅ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገራችን ለሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ነው። ከአማራ ክልል የተመረጡት ሦስቱ ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና የእኛው ዞን ተሁለደሬ ነበሩ። አባል የሚሆነው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ከፍሎ ሲታመም ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከከፋም በሪፈር ወረቀት ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ደሴ ይላካል። መክፈል የማይችሉት በጎጥና በቀበሌ ይለያሉ፤ ስማቸው ለነዋሪው ቀርቦ አስተያየት ይሰጥበታል፤ የእነርሱን መዋጮ የክልሉና የወረዳው መንግሥት ይሸፍናሉ። ምዝገባው የተወሰነ ወቅት አለው። ስንታመም ሮጠን የምንገባበት በር አይደለም።

ይህ ከመምጣቱ በፊት ድሃ ሰው የነበረው አማራጭ ከቀበሌ የሚጻፍለት የነጻ ሕክምና ወረቀት ነበር። ሰውየው ታሞ እያቃሰተ ድሃ መሆኑን የሚመሰክርለት ሊቀ መንበር ይፈልጋል። ሊቀ መንበሩ ለቅሶ ሄዶ ከሆነ በሽታው አይጠብቀውም። ወረቀት ያጣው በሬውን ይሸጣል፤ ወይም አራጣ ይበደራል። ታክሞ ድኖ ሲመለስ የሚያርስበት የለውም። አንድ በሬ ያለው እንኳ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ምንም የሌለው ግን ከማን ጋር ይቀናጃል? ብዙ ቤት ወደ ድህነት የገባው በስንፍና ሳይሆን በአንድ ሰው ሕመም ነው።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ አንዱ እጁን ያነሣል። “መድን መግባት በእግዚአብሔር አለመታመን አይሆንም ወይ? ፈዋሻችን እርሱ አይደለም?” ጥያቄው የእምነት ጥያቄ ነውና በፌዝ አይታለፍም። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ሲያከማች እግዚአብሔርን አልተጠራጠረም። እንዲያውም እግዚአብሔር በሕልም የገለጠውን አምኖ መታዘዙ ነበር። ባከማቸው እህልም የራሱን ቤት ብቻ ሳይሆን ግብፃውያንንና ከከነዓን የመጡትን ወንድሞቹን አተረፈ። እግዚአብሔር ፈዋሽ ነው ብለን ስናምን፣ ፈውሱን ወደ ጎረቤታችን በምን መንገድ እንደሚልክ ልንወስንለት አንችልም። በጸሎት ሊሆን ይችላል፤ አንተ በጥር በከፈልከው መዋጮ የተገዛ መድኃኒትም ሊሆን ይችላል።

ሌላዋ ደግሞ ትላለች፦ “ዘንድሮ ከቤታችን ማንም አልታመመም፤ ገንዘባችን ተበላ።” መልሱን ከራሳችን ከወሎ እንውሰድ። እኛ ቅሬ የምንለው፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ማኅበር በየሰፈራችን አለ። “በዚህ ዓመት ከቤቴ ሰው አልሞተምና የቅሬ መዋጮዬን መልሱልኝ” ብሎ የተነሣ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቢነሣ ሰፈሩ ያማትባል። በቤቱ ሞት ባለመግባቱ ሊያመሰግን የሚገባው ሰው እንዴት ያማርራል? ሳይታመሙ የዓመቱን መዋጮ መክፈልም እንዲሁ ነው። ገንዘቡ አልጠፋም፤ የማታውቁት ሰው ታክሞበታል። አባቶቻችን ሬሳ ሜዳ እንዳይቀር ሥርዓት ሠሩ። የእኛ ትውልድ ደግሞ ሕመምተኛ አልጋ ላይ እንዳይቀር ሥርዓት እንዲሠራ ተጠርቷል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። ከመድኑ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ድሃ አይደለም። መክፈል እየቻለ የናቀው አለ። ደመወዝተኛ ስለሆነ ይህ መድን የማይመለከተው አለ፤ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለጡረተኞች የታሰበው ማኅበራዊ የጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ቢደነገግም ለረጅም ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። ስለዚህ የምታስተምራችሁ መምህርት ራሷ መድን የሌላት ልትሆን ትችላለች። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ መክፈል የማይችል፣ ግን በድሆች መዝገብ ያልገባ ሰው አለ። ክርክሩ ያለው እዚህ ነው። ሦስት ሰዎችን በምሳሌ ላቅርብላችሁና እናንተ ኮሚቴ ሁኑ።

የመጀመሪያዋ አዛውንት መበለት ናቸው። ሁለት ጥማድ መሬት በስማቸው አለ፤ የይዞታ ደብተሩ ሳጥናቸው ውስጥ ተቀምጧል። በሬም ጉልበትም ስለሌላቸው መሬቱን በእኩል ያሳርሳሉ፤ የሚደርሳቸው ግማሽ እህል እስከ ሚያዝያ አይዘልቅም። ልጃቸው ሳውዲ ናት ይባላል። ከሄደች ወዲህ ግን ገንዘብም ድምፅም አልመጣም። ከኮሚቴው አንዱ “መሬት አላቸው፤ ልጃቸውም ዐረብ አገር ናት፤ ይክፈሉ” ይላል። ወረቀቱን ብታነቡ ሰውየው ትክክል ነው። ማድጋቸውን ብታዩ ግን ተሳስቷል።

ሁለተኛው አምስት ልጆች ያሉት አንድ በሬ ገበሬ ነው። ሚስቱ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ምርት በሰመረበት ዓመት መዋጮውን ይከፍላል። አምና ግን ሰብሉ በውርጭ ተመታ። የሚኖረው በደጋው በልግ በሚታረስበት አገር ነው፤ እህል የሚያየው ሰኔ ላይ ነው፤ መዋጮ የሚጠየቀው ግን የመኸር አምራቹ ጎተራ በሚሞላበት ወቅት ነው። ከድሃ ድሃ አይደለም፤ ከሚችሉትም አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው በየትኛውም አገር መዝገብ ላይ ችግር ይፈጥራል። ሩዋንዳ ለጤና መድኗ ቤተሰቦችን በኑሮ ደረጃ ከፋፍላ እንደየአቅማቸው መዋጮ ታስከፍል በነበረበት ጊዜም፣ “ያለ ደረጃዬ ተመደብኩ” የሚል አቤቱታ ይነሣ ነበር። መስመር የግድ ይሰመራል፤ በመስመሩ ላይ የሚኖር ሰው ግን ሁልጊዜም አለ።

ሦስተኛው የእናንተ እኩያ ነው። ከወግዲ ገጠር መጥቶ መካነ ሰላም ከተማ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቷል፤ ኮንስትራክሽን ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። 18 ዓመት ስለሞላው በአባቱ መድን ለመታቀፍ ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቅበታል፤ አባቱ አልከፈሉም። በከተማው ደግሞ ተከራይ ነውና ማንም በሩን አላንኳኳም። ስሙ በሁለቱም ቦታ የለም። ስለ እርሱ የተነሣ እንደሆነ “ጉልበት አለው፣ ወጣት ነው” ይባላል። አንድ ሌሊት ትርፍ አንጀቱ ሲያመው ግን ጉልበቱ እስከ ማለዳ እንኳ አያደርሰውም። ከእናንተ መካከል 18 ያለፋችሁ፣ ስማችሁ የት እንደተጻፈ ታውቃላችሁ?

ሦስቱን ስትመዝኑ አንድ ነገር አስተውሉ። መዝገብ ሲሠራ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንዱ የማይገባው ሰው መግባቱ ነው፤ ሌላው የሚገባው መቅረቱ። የመጀመሪያው ስሕተት ይጮኻል፤ ጥንድ በሬና ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው በድሆች ተርታ ሲጻፍ ሰፈሩ በሙሉ ያወራዋል። ሁለተኛው ግን ድምፅ የለውም። የቀሩት መበለት አቤት አይሉም፤ ቤታቸው ይተኛሉ። ስለዚህ ኮሚቴ ሁሉ በተፈጥሮው የሚጮኸውን ስሕተት ለመከላከል ይተጋል፤ ዝም የሚለውን ይረሳል። የሚጮኸው ያናድዳል። ዝም የሚለው ግን ይገድላል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሕ አይደለም።

ይህን ስል የመጀመሪያው ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ቁጥሩ የተወሰነ በመሆኑ፣ የወንድሙን ስም ያስገባ የኮሚቴ አባል የአንዲት መበለት ቦታ ወስዷል። ይህ አድልዎ ብቻ አይደለም፤ ስርቆት ነው። ስለዚህ የሚከተለውን መለኪያ ልስጣችሁ፤ ተከራከሩበት። ዘመድና አፍ ያለው ሰው ስሙ ሲጠራ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠይቁ፤ የሚናገርለት የሌለው ሰው ስም ሲነሣ ግን ላላ በሉ። የተለመደው የዚህ ግልባጭ ነው።

“ሊሠራ የማይወድ አይብላ የሚለው የጳውሎስ ትምህርትስ?” ትሉኛላችሁ። በሁለተኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 3 የተወቀሰው መሥራት የማይወደው ነው፤ መሥራት የማይችለው አይደለም። ይህን ልዩነት አገራችንም በሥራ ላይ ታውቀዋለች። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት የሚችለውን በማኅበረሰብ ሥራ አሰማርቶ ይከፍላል፤ እርከን ያሠራል፣ መንገድ ያሠራል። አዛውንቱን፣ አካል ጉዳተኛውንና ሕመምተኛውን ግን ያለ ሥራ በቀጥታ ድጋፍ ይይዛል። የሰው አቅም ደግሞ ይለዋወጣል። ዛሬ ድንጋይ የሚፈልጠው ወጣት ነገ አልጋ ላይ ነው። መዝገብ ግን አይለዋወጥም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ደሴን ጨምሮ በወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ብዙ ቤተሰብም ንብረቱን አጥቷል። ከዚያ በፊት “ይችላል” ተብሎ የተጻፈ ሰው ከዚያ በኋላ ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ያስፈልጋል።

ጳውሎስ በገላትያ ምዕራፍ 6 ላይ የሚቃረኑ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች ይናገራል። በቁጥር 2 አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያዝዛል፤ በቁጥር 5 ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል። በግሪክኛው ቃላቱ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ባሮስ ነው፤ ሰውን የሚያጎብጥ ክብደት ማለት ነው። ሁለተኛው ፎርቲዮን ነው፤ መንገደኛ የሚይዘው የራሱ ጓዝ። የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ገበያ ስንሄድ ሁሉም ስልቻውን ራሱ ይሸከማል፤ “ስልቻዬን ተሸከምልኝ” የሚል ጤነኛ ጎልማሳ ይታፈራል። ሕመምተኛ በቃሬዛ ሲወርድ ግን ቃሬዛውን ማንም ብቻውን አይሸከመውም፤ አራቱ ሲደክሙ ሌሎች አራት ይቀበላሉ። ለሚችል ቤተሰብ ዓመታዊው መዋጮ ስልቻ ነው፤ የቀዶ ሕክምና ወጪ ግን ቃሬዛ ነው። የጤና መድን ማለት ቃሬዛውን ሰው ሳይታመም አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ስልቻውን እንኳ መያዝ የማይችለውን ሰው ደግሞ ከመንገድ አንተወውም።

መዝገብ መሥራት መንፈሳዊ ነገር አይመስልም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ግን አንብቡ። በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን የዕለት ምግብ ሲታደል የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ይታለፉ ነበር፤ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት “ማጉረምረም ኃጢአት ነው” ብለው አላፈኑትም። “እንጸልይላቸዋለን” ብለውም አላለፉትም። መንፈስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች ለዚሁ ሥራ እንዲመረጡ አደረጉ። የተመረጡትን ስሞች ተመልከቱ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው። የታለፉት ወገኖች ቋንቋቸውንና ደጃቸውን የሚያውቅ ሰው በማዕዱ ላይ ተሾመላቸው። እዚህ ትልቅ ትምህርት አለ። የተረሳውን ሰው ለማግኘት የሚረዳው የተረሳበትን ሰፈር የሚያውቅ ሰው ነው። በቀን ሠራተኞች መካከል ማን መድን እንደሌለው ከቀበሌው ጸሓፊ ይልቅ አብሯቸው የሚሠራ ወጣት ያውቃል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥራ አልተወችም። እ.ኤ.አ. በ251 አካባቢ የሮም ጳጳስ ቆርኔሌዎስ በጻፈው ደብዳቤ፣ የሮም ቤተ ክርስቲያን ከ1500 በላይ መበለቶችንና ችግረኞችን ትደግፍ እንደነበር ይገልጻል። ይህን ያህል ሰው በትክክል የሚቆጥር ሰው ቁጭ ብሎ ስም ጽፏል ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የነገሠው፣ ክርስትናን የሚጠላው ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ ደግሞ እነዚህ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይረዳሉ እያለ በቁጭት ጽፏል። የጠላት ምስክርነት ነውና ይበልጥ ይታመናል።

ይህ የዩልያኖስ ነገር ለእኛ ቅርብ ነው። በዚህ ደጋ ላይ ወንጌላውያን ጥቂት ነን፤ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞችና ኦርቶዶክሶች ናቸው። ወንጌላውያን አማኞች በብዙ የአገራችን ክፍሎች ከእድር የተሰረዙበት፣ ለሙታናቸው የመቃብር ቦታ የተከለከሉበት ዘመን እንደነበረ ከአባቶቻችሁ ሰምታችኋል። ከመዝገብ መሰረዝ ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ሌላውን ልንሰርዝ አይገባንም። የጤና መድኑ ቋት አንድ ነው፤ የሼሁም፣ የቄሱም፣ የእኛም መዋጮ አንድ ላይ ይገባል፤ ከውስጡ ሲወጣ የማን እንደሆነ አይለይም። ከእናንተ አንዱ በኮሚቴ ቢቀመጥ “የእኛን አጥቢያ ሰዎች አስገባ” የሚል ፈተና ይመጣበታል። ያን ቀን ምስክርነቱ በስብከቱ ሳይሆን በእስክሪብቶው ይታያል።

አንድ ነገር ልጨምር። ድሃ የሚባለው ሰው ኀፍረት አለው። ስሙ በስብሰባ ፊት ሲጠራ የሚሸሽ፣ “እኔን ከድሃ አትጻፉኝ” የሚል ብዙ አለ። ይሉኝታ በወሎ ብርቱ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የመጨረሻውን ዱቄት የሚያቦካ ሕዝብ ነው። ስለዚህ ሰው ዝም ማለቱ አለመቸገሩን አያሳይም። ሄዳችሁ እሳት ዳር ተቀመጡ፣ ቡና ጠጡ፣ ውኃ ቅዱ። “እማማ፣ ባለፈው ሲያምዎት የት ታከሙ?” ብላችሁ ጠይቁ። “ድሃ ነዎት ወይ?” አይባልም። መልሱ ከማንኛውም ቅጽ ይበልጥ ይነግራችኋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሥራው ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የምትችሉ የራሳችሁን መዋጮ በወቅቱ ክፈሉ፤ ወላጆቻችሁንም አስታውሱ። ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ጎጣችሁን ዙሩ፤ ከመዝገቡ የቀረ ሰው ካገኛችሁ አብራችሁት ቀበሌ ሂዱ፤ መጻፍ ለማይችል ጻፉለት። በመስመሩ ላይ ለቆመው አንድ በሬ ገበሬ፣ ኅብረታችሁ የአንድ ዓመት መዋጮውን ሊሸፍንለት ወይም እስከ ሰኔ ሊያበድረው ይችላል። መድኑ የማይሸፍነውንም አትርሱ። ከመካነ ሰላም ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመኪናው፣ የማደሪያውና የአስታማሚው ምግብ ከኪስ ነው። ጤና ተቋሙ መድኃኒት ሲያልቅበትም ሕመምተኛው ከግል ፋርማሲ የሚገዛበት ጊዜ አለ። ደጉ ሳምራዊ ቁስሉን በማሰር አላበቃም፤ በአህያው ጭኖ ወሰደው፤ ለእንግዳ ማረፊያው ከፈለ፤ የጎደለውንም ተመልሶ እንደሚከፍል ቃል ገባ። የመጓጓዣውም፣ የማደሪያውም፣ የቀሪውም ሒሳብ በዚያ ታሪክ ውስጥ አለ።

የሕግ አዋቂው ጌታን “ባልንጀራዬ ማን ነው?” ብሎ የጠየቀው መስመሩ የት እንደሚያበቃ ለማወቅ ነበር። ጌታ መስመሩን አላሳየውም፤ በመንገድ ላይ የወደቀ ሰው አሳየው። በመጪው ምዝገባ የሚወድቀው ሰው ማን እንደሆነ ከእናንተ አንዳችሁ ታውቁታላችሁ።

ለኅብረት ውይይት፦

1. ከላይ ከቀረቡት ሦስት ሰዎች መዋጮ የሚሸፈንለት አንድ ቦታ ብቻ ቢኖር ለማን ትሰጡታላችሁ? ለቀሩት ሁለቱስ ምን ትሏቸዋላችሁ?

2. “ለሚናገርለት ጠበቅ፣ ለማይናገርለት ላላ” የሚለው መለኪያ የት ላይ ሊሳሳት ይችላል?

3. በጎጣችሁ ወይም በተከራያችሁበት ግቢ በማንም መዝገብ ስሙ የሌለ ማን አለ? ስሙን በስብሰባው ላይ ሳትጠሩ፣ በዚህ ሳምንት ማን እንደሚጠይቀው ወስኑ።